አልመንድ፦ «ለውዝ» የሚለው ስም፣ ዛፉ፣ የጾም ወተቱ እና መራራው ፍሬ

ደጋ_ልማት፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ አልመንድ በአማርኛ የሚጻፈው ግማሹ ማስታወቂያ ነው፤ የቀረው ደግሞ ከኦቾሎኒ ጋር የተደባለቀ። የምታውቁ ሰዎች እዚህ በዝርዝር ብትጽፉልን። መጀመሪያ፣ ዛፉ በደጋችን ይይዛል ወይ? አፕል ጨንቻ ላይ ከያዘ አልመንድ ምን ይከለክለዋል? ካሊፎርኒያ ያሉ ወገኖች ደግሞ ደጋግመው የሚጠይቁት «ዛፉ በአበባ ይጥለቀለቃል፣ ፍሬ ግን የለም» የሚል ነው። ከዚያ የጾም ወተቱ፦ ልኩ ስንት ለስንት ነው? ቡና ላይ ሲፈስ ለምን ይቆራረጣል? በመጨረሻ፣ «ሌሊት ዘፍዝፈህ በባዶ ሆድ 7 ፍሬ ብላ» የሚባለው ነገር መሠረት አለው?

ማጥለያ፦
ከስሙ እንነሳ፤ ስሙ ካልጠራ የቀረው ሁሉ ይምታታል። አዲስ አበባ ሱቅ ገብታችሁ «ለውዝ» ብትሉ የሚመዘንላችሁ ኦቾሎኒ ነው። የለውዝ ቅቤ የሚባለውም የኦቾሎኒ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ለውዝ» ሲባል ግን አልመንድ ነው፤ ኦቾሎኒ የደቡብ አሜሪካ ተክል ስለሆነ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሊኖር አይችልም። በዘኍልቍ 17 የአሮን በትር ያፈራችው፣ ኤርምያስም በምዕራፍ 1 ያየው በትር በዕብራይስጡ «ሻቄድ» ነው። እስራኤል ያላችሁ ዛሬም ገበያ ላይ በዚሁ ስም ነው የምትገዙት። ዐረቦቹም «ሎውዝ» ሲሉ አልመንድን ማለታቸው ነው።

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ አልመንድ ደግሞ የኮክ ዘመድ ነው። የአንዱ አለርጂ ያለበት ልጅ የሌላው ላይኖርበት ይችላል፣ ሁለቱም ያለበትም አለ። አሜሪካ ውስጥ የምግብ ማሸጊያ ላይ ሁለቱ ተለይተው ነው የሚጻፉት። ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት «ልጄ ለውዝ አይስማማውም» ብላችሁ በአስተርጓሚ ስትናገሩ፣ የትኛው እንደሆነ «ኦቾሎኒ» ወይም «አልመንድ» ብላችሁ ለዩት።

ሻቄድ፦
በማጥለያ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ኤርምያስ 1፥11-12 በአማርኛ ሲነበብ «የለውዝ በትር» እና «እተጋለሁ» ምን እንዳገናኛቸው አይታይም። በዕብራይስጡ ዛፉ «ሻቄድ»፣ የሚተጋው ደግሞ «ሾቄድ» ነው። ሌሎቹ ዛፎች ገና እንደተኙ፣ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ቅጠል ሳያወጣ ቀድሞ የሚያብበው እሱ ስለሆነ ነው «ንቁው» የተባለው። ለዛፍ ተካዮችም ዋናው ችግር ከዚሁ ከችኮላው ይመጣል፤ የእርሻ ሰዎቹ ይጻፉበት።

ጓሮ_ሸለቆ፦
የካሊፎርኒያውን እኔ ልውሰደው። ከዓለም አልመንድ ወደ 80 ከመቶ የሚሆነው የሚመረተው እዚሁ ማዕከላዊ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በሰሜን ከሬድ ብላፍ አካባቢ እስከ ደቡብ ቤከርስፊልድ። ስለዚህ አየሩ ላይ ችግር የለም። ሳክራሜንቶ፣ ስቶክተን፣ ፍሬዝኖ ጓሮ ያላችሁ ዛፉ ይሆንላችኋል።

አበባ ኖሮ ፍሬ ሲጠፋ በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።

የመጀመሪያው፣ ዛፉ ብቻውን ነው። አብዛኞቹ የአልመንድ ዝርያዎች የራሳቸውን የአበባ ብናኝ አይቀበሉም። ኖንፓሬል የሚባለው ዝርያ ከሆነ አጠገቡ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ይፈልጋል፤ ካርሜል ወይም ሞንትሬይ የተለመዱት ናቸው። ሁለት ኖንፓሬል ጎን ለጎን መትከል ምንም አይጠቅምም። በግራፍት (የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ በማጋባት) የተባዙ ስለሆኑ ሁለቱም አንድ ዛፍ ማለት ናቸው። ለአንድ ዛፍ ብቻ ቦታ ያለው ሰው «ኦል ኢን ዋን»፣ «ጋርደን ፕሪንስ» ወይም «ኢንዲፔንደንስ» ይግዛ፤ እነዚህ በራሳቸው ብናኝ ያፈራሉ። ጋርደን ፕሪንስ አጭር ነው፣ ለጠባብ ግቢ እሱ ይሻላል።

ሁለተኛው ንብ ነው። በነፋስ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ ነው። ንብ ደግሞ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ በዝናብና በኃይለኛ ነፋስ አትወጣም። ትልልቆቹ እርሻዎች ለአንድ ኤከር ሁለት ቀፎ የሚከራዩት፣ በየፌብሩዋሪው ከመላ አሜሪካ ንብ በጭነት መኪና የሚመጣውም ለዚሁ ነው። የጓሮ ባለቤት ማድረግ የሚችለው አበባው እስኪረግፍ ምንም መድኃኒት አለመርጨት ነው።

ሦስተኛው ውርጭ ነው። ሙሉ ያበበ ዛፍ ሙቀቱ ወደ -3 ዲግሪ ሲወርድ አበባው መሞት ይጀምራል፤ አበባው ረግፎ ትንሿ ፍሬ ከታየች በኋላ ግን -1 ዲግሪም ይበቃታል። ጠዋት አንዱን አበባ በጥፍር ሰንጥቁት። መሐሉ ላይ ያለችው እንቁላሏ (ኋላ ፍሬ የምትሆነው) አረንጓዴ ከሆነች ድናለች፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነች ሞታለች። አበባው ከውጭ ሲታይ ነጭና ያማረ ሆኖ ሊያታልላችሁ ይችላል።

ደጋ_ልማት፦
ያ በጥፍር መሰንጠቁ ጥሩ ነው። አተካከሉንስ?

ጓሮ_ሸለቆ፦
ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ሥሩ ባዶውን፣ ያለ አፈር የሚሸጠውን ችግኝ ግዙ፤ በዕቃ ውስጥ ካደገ ችግኝ ይረክሳል፣ ይይዛልም። ጉድጓዱ ሥሩን ለመዘርጋት የሚበቃ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን። ፍግም ማዳበሪያም ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፤ አዲሱን ሥር ያቃጥላል። አፈሩ ሲረጋ ዛፉ ስለሚሰምጥ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ግራፍቱ የተጋባበት እብጠት ከመሬት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር በላይ መቅረት አለበት።

ከዚያ ብዙ ሰው እጁ የሚያቅተው ሥራ አለ፦ ዋናውን ግንድ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ መቁረጥ። ካልተቆረጠ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተጠጋግተው ይወጡና ፍሬ ሲከብዳቸው ይገነጠላሉ። በሚቀጥለው የብርድ ወቅት በሦስት አቅጣጫ የሚሄዱ፣ ከአንድ ነጥብ ያልተነሱ ሦስት ቅርንጫፎች አስቀሩ፤ ሌላው ይወገድ። ግንዱን ነጭ የቤት ውስጥ ቀለም (ላቴክስ) በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት። ጠባሳ የሚፈጥረው የበጋው ፀሐይ ነው፤ ግንድ ሰርሳሪ ትልም የሚገባው በዚያ ጠባሳ በኩል ነው።

ውሃ ግንዱ ሥር አይቋጠር። አልመንድ ድርቅ ይችላል፣ እርጥብ እግር ግን አይችልም፤ ሥሩ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። አፈራችሁ ጭቃማ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ እዚያ ላይ ትከሉ፤ ስትገዙም ክሪምስክ 86 የሚባለው ሩትስቶክ (ሥሩን የሚሰጠው ዛፍ) ላይ የተጋባውን ጠይቁ። ኔማጋርድ የሚባለው ለአሸዋማ አፈር፣ በተለይ ሥር የሚያሳብጠው ኔማቶድ (በዓይን የማይታይ የአፈር ትል) ላለበት ጥሩ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ግን ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።

ፍሬ በሦስተኛው ዓመት ይጀምራል። ሙሉ ምርት ከ7 ዓመት በፊት አትጠብቁ።

ችግኝ_ጣቢያ፦
የደጋውን ጥያቄ በተመለከተ። ሰው ሁሉ የሚያነሳው የብርድ ሰዓት ነው፤ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ መካከል ያለፉት ሰዓቶች ድምር ማለት ነው። አልመንድ በዚህ በኩል ብዙ አይጠይቅም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ300 እስከ 600 ሰዓት ይበቃቸዋል፣ የተለመዱት የአፕል ዝርያዎች ደግሞ እስከ 1000 ይጠይቃሉ። የእኛ ደጋ ጠባይ ግን ለየት ይላል። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ይሞቃል፤ የቀኑ ሙቀት የሌሊቱን ብርድ ይሽረዋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ሰዓትና ዛፉ የሚቆጥረው አንድ አይደለም። አፕል ላይ ቅጠሉን በእጅ አርግፎ፣ ውሃ ከልክሎ እምቡጡን የማንቃት ዘዴ አለ፤ አልመንድም ላይ ቢሞከር አይገርምም።

የባሰው እንቅፋት ዝናቡ ነው። ከአበባ እስከ መከር ስድስት ሰባት ወር ይፈጃል። ጥር መጨረሻ ያበበ ዛፍ የውጭ ልጣጩ የሚሰነጠቀው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፣ ክረምቱ መሐል። የተሰነጠቀው ልጣጭ ውስጥ ውሃ ገባ ማለት ሻጋታ ገባ ማለት ነው። ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ካሊፎርኒያ፣ ስፔን፣ አውስትራሊያ የሚያመሳስላቸው ብርዳቸው ብቻ አይደለም፤ ፍሬው የሚደርስበት ጊዜ ደረቅ መሆኑም ነው።

«እንግዲያው መስከረም ላይ እናስብበው» የሚል ሰው ይኖራል። ያኔ ትንሿ ፍሬ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩን ትገናኛለች፤ ጓሮ_ሸለቆ እንዳለው -1 ዲግሪ ይበቃታል። ውርጭ የማይጥልበት፣ በልግም የማይበዛበት ወይናደጋ ፈልጎ ብርድ የማይጠይቅ ዝርያ ሁለት ሦስት ዛፍ መሞከር ይቻላል። እስራኤል ውስጥ የሚተከለው ኡም ኤል ፋህም ቀድሞ የሚያብብ፣ ብርድ ብዙ የማይፈልግ ነው። ለገቢ ብሎ ሄክታር ሙሉ የሚተክል ሰው ግን ገንዘቡን ኮክና ፕለም ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

እና እባካችሁ ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን ፍሬ አትቅበሩ። የአሜሪካ አልመንድ በሳልሞኔላ ምክንያት ከ2007 ጀምሮ በእንፋሎት ወይም በጋዝ ይታከማል፤ ብዙውን ጊዜ አይበቅልም። ቢበቅልም እናቱን አይመስልም፣ መራራ ሆኖ ሊወጣም ይችላል። ግራፍት የተደረገ ችግኝ ብቻ።

ሻቄድ፦
መራራው ከተነሳ አንድ የተሳሳተ ነገር በየጊዜው ይባላል፦ «ጎረቤቴ መራራ ዛፍ ስላለው የእኔም ፍሬ መራራ ሆነ»። እንዲህ አይሆንም። የፍሬውን ጣዕም የሚወስነው ብናኙ የመጣበት ዛፍ አይደለም፣ ፍሬውን የተሸከመው ዛፍ ነው። ዛፋችሁ ጣፋጭ ከሆነ ፍሬው ሁሉ ጣፋጭ ነው። በድንገት መራራ ማፍራት ከጀመረ ከግራፍቱ በታች፣ ከሩትስቶኩ የወጣ ቅርንጫፍ አድጎ ይሆናል፤ ከሥሩ ቁረጡት።

ሥነ_ምግብ፦
ሻቄድ የጀመረውን እኔ ልቀጥለው፤ ከዚህ ሁሉ ውይይት ሕይወት የሚነካው ይሄ ነው።

መራራ አልመንድ ውስጥ አሚግዳሊን የሚባል ነገር አለ። ስናኝከው ከውሃና ከራሱ ኤንዛይም ጋር ይገናኝና ሳይናይድ የሚባል መርዝ ይለቃል። የኮክ ፍሬ ቅርፊት ተሰብሮ ከውስጥ የምትወጣዋ ነጭ ፍሬም ይኸው ነገር አላት። መልኳ አልመንድ ይመስላል፣ ሽታዋም ማርዚፓን (ከአልመንድ ዱቄትና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ) ይሸታል፤ ኮክ በየጓሮው ባለበት አገር ልጆች በድንጋይ ሰብረው እንዳይበሏት ንገሯቸው። የአፕሪኮትም እንዲሁ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2016 ባወጣው ግምገማ አንድ ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ትንንሽ ጥሬ የአፕሪኮት ፍሬ በላይ ቢበላ ከአስተማማኙ ልክ ያልፋል፤ ለሕፃን አንዲቷም ብዙ ናት። «ካንሰር ይፈውሳል» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው «ቫይታሚን ቢ17» ይኸው መርዝ ነው፤ ቫይታሚን አይደለም። አንድ ሰው በልቶ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የትንፋሽ ማጠር ከጀመረው ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ቤት ውስጥ መቁላት ወይም መቀቀል ሳይናይዱን በእርግጠኝነት አያጠፋም። ከጣፋጩ ከረጢት ውስጥ አንዲት መራራ ከገጠመቻችሁ ትፉና አፋችሁን ተጉመጥመጡ፤ የሚያሰጋ አይደለም።

አሁን ወደ «7 ፍሬ»። አንድ ፍሬ ወደ 1.2 ግራም ይመዝናል። ሰባቱ 8 ግራም ተኩል ገደማ፣ ከ50 ካሎሪ ጥቂት በታች፣ ቫይታሚን ኢ ደግሞ 2 ሚሊ ግራም። መጥፎ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። ሳይንሱ የሚናገርበት ልክ 28 ግራም፣ ማለትም 23 ፍሬ ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ 164 ካሎሪ፣ 6 ግራም ፕሮቲን፣ 3.5 ግራም አሰር፣ 76 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 76 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም፣ ቫይታሚን ኢ ደግሞ ለትልቅ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው 15 ሚሊ ግራም ግማሽ ያህሉ አለ። ሙሉውን ስናኝከው ከስቡ የተወሰነው ሳይፈጭ ያልፋል፤ ስለዚህ ወደ ሰውነት የሚገባው ካሎሪ ከተጻፈው ያንሳል። ቅቤ አድርገን ስንፈጨው ይህ ቅናሽ አብዛኛውን ይጠፋል።

ስለ መዘፍዘፍ፦ ገለፈቱ ላይ «መርዝ» የለም። ገለፈቱ አሰርና ፖሊፌኖል ያለበት ክፍል ነው፣ ልጣችሁ መጣል ኪሳራ ነው። መዘፍዘፉ ፍሬውን ያለሰልሳል፤ ለጥርስ ለደከመው ሰውና ለብሌንደር ይጠቅማል። ከዚያ ያለፈ አትጠብቁበት። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ኦክሳሌቱ (ለጠጠር መንስኤ የሚሆን ንጥረ ነገር) ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ደጋ_ልማት፦
እህቴ ማጥለያ፣ ጾሙ ደርሷል፣ ወተቱን አትርሺን።

ማጥለያ፦
አልረሳሁም፣ ሰዎቹ ሳይናይድ ላይ ስለነበሩ ነው።

ሱፍ አጥልሎ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ልዩነቱ አልመንድ አይቀቀልም። 150 ግራም አልመንድ ፍሪጅ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይዘፈዘፋል። ጠረጴዛ ላይ በሞቀ ቤት ካደረ ይኮመጥጣል። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፣ ፍሬውን እጠቡት። ለቡና የሚሆን ወፍራም ከሆነ 600 ሚሊ ሊትር፣ ለገንፎና ለአጃ ከሆነ 1 ሊትር ውሃ። ሙሉውን ውሃ በአንዴ አትጨምሩ፤ መጀመሪያ በሲሶው ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጭና ለስላሳ ሊጥ ይሁን፣ ከዚያ ቀሪው ተጨምሮ ሌላ ደቂቃ። በአንዴ የሞላችሁት እንደሆነ ፍሬው ከምላጩ እየሸሸ ይዋኛል፣ ወተቱም ውሃ ውሃ ይላል።

በንጹሕ ሻሽ ወይም በድርብ ነጠላ ጨርቅ ጨምቁት። ጨው በጣት ቆንጥሮ፣ ጣፋጭ ከፈለጋችሁ ሁለት ተምር አብሮ ይፈጭ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ከላይ ክሬም፣ ከታች ውሃ ሆኖ መለየቱ አልተበላሸም፣ ነቅንቁት። የተበላሸው ሲቀዳ ይጎተታል፣ ሽታውም ኮምጣጣ ነው።

ቡናው ላይ የሚቆራረጠው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፦ አሲድና ሙቀት። ፕሮቲኑ በአሲድ ይሰበሰባል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። ፈካ ተደርጎ የተቆላ ቡና አሲዱ ይበልጣል፤ ጠቆር ያለው ይሻላል። ወተቱን ለብቻው አሙቁት፣ ጣት እስኪችለው፣ ሳይፈላ። ስኒው ውስጥ ወተቱ ይቅደም፤ ቡናው ሁለት ደቂቃ ያረፈ ይሁንና ቀስ ብሎ ይፍሰስበት። አሁንም ካስቸገረ ለአንድ ሊትር ወተት የሻይ ማንኪያ ሩብ ቤኪንግ ሶዳ፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። የካርቶኑ ወተት የማይቆራረጠው የአሲድ ማስተካከያ ጨውና ማያያዣ ስለተጨመረበት ነው። ከአልመንድ ብዛት አይደለም፤ በብዙዎቹ ካርቶኖች ውስጥ አልመንዱ 2 ከመቶ አካባቢ ነው።

ሥነ_ምግብ፦
አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የጡት ወይም የፎርሙላ ምትክ አይሆንም፤ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም አይደርስም። ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅም ዋና ወተት ከማድረግ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። የካርቶኑ ካልሲየም ተጨምሮበት ከሆነ ከታች ይዘቅጣል፣ በደንብ ይነቅነቅ። የቤቱ ግን ምንም አልተጨመረበትም።

ኬክ_ጾም፦
ተጨምቆ የቀረውን ቅሪት እንደ አልመንድ ዱቄት ተጠቀሙ የሚባለው ልክ ነው? ማርዚፓን ስሠራ አልያያዝ ይላል።

ማጥለያ፦
ልክ አይደለም፤ አልያያዝ ያለውም ለዚህ ነው። ማርዚፓንን የሚያይዘው ዘይቱ ነው። ከቅሪቱ ግን ዘይቱ ወተቱ ውስጥ ሄዷል፤ የቀረው በአብዛኛው አሰር ነው። ቅሪቱን 100 ዲግሪ ኦቨን ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቁትና ብስኩት ላይ ከስንዴው ሩብ ያህሉን ተኩ፤ ወይም ሳይደርቅ በቃሪያና በሎሚ ለእንጀራ ፍትፍት አድርጉት።

ለማርዚፓን ዱቄቱ ከሙሉ ፍሬ ይሠራ። የፈላ ውሃ ውስጥ ልክ 1 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፤ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ፍሬው ከገለፈቱ ተወርውሮ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ከቆየ ውሃ ይጠጣል። በፎጣ ደርቆ፣ 100 ዲግሪ ኦቨን ላይ 15 ደቂቃ ቆይቶ፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት ይግባ። የቀዘቀዘ ዘይት ቶሎ አይወጣም። መፍጫውን እያበራችሁ እያጠፋችሁ፣ አንድ አንድ ሴኮንድ። ያለማቋረጥ ከለቀቃችሁት ዱቄት ሳይሆን ቅቤ ነው የምታገኙት።

200 ግራም ከዚህ ዱቄት፣ 120 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጽጌረዳ ውሃ ወይም ወፍራም የስኳር ሽሮፕ። እንቁላል አያስፈልግም፤ በማርዚፓን የታወቁት የጀርመን ከተማ የሉቤክ ሰዎችም እንቁላል አይጨምሩም፣ ስለዚህ ለጾም ይሆናል። እሽት አድርጉት፣ ግን ዘይት ማላብ ሲጀምር አቁሙ። ካላበ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይመልሰዋል።

ኬክ_ጾም፦
ቅቤውን ፈልጌ ብሠራውስ? ማር ስጨምርበት እንደ ሲሚንቶ ደረቀ።

ማጥለያ፦
ማር ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃ ደግሞ ሊጡን ያጠነክረዋል። 175 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቆልታችሁ ገና ሙቅ እያለ ፍጩት። መጀመሪያ አሸዋ ይሆናል፣ ከዚያ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ይዞራል፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ውሃ የሚያፈስበት። አትንኩት፤ ጎኑን እየጠረጋችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ዘይቱ ራሱ ይወጣል። ማሩ ሲበላ ይጨመር።

ችግኝ_ጣቢያ፦
ከሱቅ ስትገዙ የምትፈትኑበት ቀላል ነገር አለ። አንዷን ፍሬ ለሁለት ስበሯት። መሐሏ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጣ ያለና አንድ ዓይነት ከሆነ አዲስ ነው። ከመሐል ቢጫ ወይም ቡናማ ከጀመረ ዘይቱ ተበላሽቷል፤ ሽታውም የአሮጌ ቀለም ሽታ ይሆናል። በፍሬዎቹ መካከል ቀጭን ድር ካለ ትል ገብቷል፣ ከረጢቱን መልሱ። ጥሬው ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ዓመት፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ዓመት ይቆያል። የተቆላው ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በወር የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ቁሉ።

ጓሮ_ሸለቆ፦
ትሉ ከተነሳ መከሩን ልጨርስ፤ ትሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ጁላይ ላይ ልጣጩ ከዛፉ ጫፍ ጀምሮ መሰንጠቅ ይጀምራል። በዚህ ሰዓት ናይትሮጂንና ውሃ የበዛለት ዛፍ የልጣጭ መበስበስ ይይዘዋል፦ ከልጣጩ ውስጥ ጥቁር ወይም ቡናማ ሻጋታ፣ አጠገቡ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ቅጠሉ እንደተንጠለጠለ ይደርቃል። ብዙ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል፣ ይብስበታል። ከጁን በኋላ ማዳበሪያ የለም። መሰንጠቅ ሲጀምር ውሃውን ለሁለት ሳምንት ቀንሱ፤ ጨርሳችሁ ግን አትቁረጡ።

ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ላይ ያለው ሁሉ ሲሰነጠቅ ሸራ አንጥፉና ቅርንጫፉን ጎማ በተጠቀለለበት መዶሻ ምቱ። ልጣጩን በዚያው ቀን አንሱ፣ ፍሬውን ከነቅርፊቱ በወንፊት ላይ ጥላ ሥር አድርቁት። የደረቀ ፍሬ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከጎበጠ ገና ነው። ከደረቀ በኋላ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ይደር፣ የነፍሳቱ እንቁላል እንዲሞት።

ዛፉ ላይ የቀሩትን የደረቁ ፍሬዎች ሁሉ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አውርዳችሁ አቃጥሉ ወይም በቆሻሻ ላኩ። ኔቭል ኦሬንጅወርም የሚባለው ትል የሚከርመው እዚያ ውስጥ ነው፤ የበላበት ቀዳዳ ደግሞ አፍላቶክሲን ለሚያመጣው ሻጋታ በር ነው። መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሥሩ።

ኦክላንድ_ጓሮ፦
ጓሮ_ሸለቆ ወንድሜ፣ ኤፕሪል ላይ አረንጓዴው ፍሬ ላይ የጠራ ሙጫ እንደ ጠብታ ይወጣል። በሽታ ነው ወይስ ነፍሳት?

ጓሮ_ሸለቆ፦
ፍሬዋን ሙጫው ባለበት በኩል በቢላ በአግድም ቁረጣት። ከልጣጩ ወደ ውስጥ የሚሄድ እንደ መርፌ የቀጠነ ቡናማ መስመር ካየህ መጣጭ ነፍሳት ነው፤ የኋላ እግሩ ላይ ቅጠል የመሰለ ነገር ያለው ትልቅ ቡናማ ተባይ፣ ጠዋት ብርድ ላይ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ታገኘዋለህ። ያኔ ስለማይበር ሳሙና ባለው ባልዲ ውሃ ውስጥ አራግፈው። መስመሩ ከሌለና ሙጫው ቢጫማ ሆኖ ከሥሩ ጠቆር ያለ የረጠበ ቁስል ካለ ግን ባክቴሪያ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እምቡጡ ሳይፈነዳ የመዳብ መድኃኒት ይረጫል፣ ዘንድሮ የተያዘውን ግን የሚያድነው የለም። ሙጫው ካለባቸው ፍሬዎች አምስት ስድስቱን ቁረጥና መስመሩ ስንቱ ላይ እንዳለ ጻፍልን።